እንቅልፍ የሚያመጣው የጉንፋን ክኒን በጂንካ

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። ከአሪ ደጋ የወረዱ ሴቶች ኮረሪማውን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጤና አዳሙን መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ድሮ ጉንፋን የያዘው ሰው መድኃኒቱን የሚሸምተው ከዚህ ነበር፤ ዛሬም ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ምች መታኝ የሚል ደግሞ ዳማከሴውን በመዳፉ አሽቶ ያሸታል፣ ጭማቂውን ቡናው ውስጥ ጠብ አድርጎ ይጠጣል። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት፣ ላብ በላብ ሆኖ መነሳት ነው።

እንግዲህ ለዘመናት የመድኃኒት ጥሩነት የተለካው በዚህ ነው፦ ካስተኛና ካላበ ይሠራል። ዘመናዊው የጉንፋን ክኒን ሲመጣ በዚሁ ሚዛን መመዘኑ አይገርምም። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ይመስላል።

የክኒኑ ታሪክ ሩቅ አገር ይጀምራል። ሰውነት ከአቧራ፣ ከአበባ ዱቄት ወይም ከማይስማማው ምግብ ጋር ሲጋጭ የሚረጨው፣ አፍንጫ የሚያፈስና ዓይን የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ሂስታሚን ይባላል። ይህን የሚገታ የመጀመሪያው ውህድ እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም በዳንኤል ቦቬና በአን ማሪ ስቶብ ተገኘ፤ ለሰው ግን መርዛማ ነበር። በ1943 አሜሪካዊው ኬሚስት ጆርጅ ሪቭሽል ዳይፌንሃይድራሚንን ሠራ። ጥቂት ቆይቶ ክሎርፌኒራሚን ተከተለ። ቦቬ በ1957 ኖቤል ተሸለመ፤ ክሎርፌኒራሚንም የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። እነዚህ ቀደምት ክኒኖች ወደ አንጎል ዘልቀው ስለሚገቡ፣ ሰውን ንቁ የሚያደርገውን ሂስታሚንም አብረው ያፍናሉ። እንቅልፉ የሚመጣው ለዚህ ነው እንጂ በሽታው ስለለቀቀ አይደለም።

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ንግድ በምኒልክ ዘመን ማብቂያ፣ ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ አዲስ አበባ ላይ በከፈቱት ፋርማሲ ስሙን ተከለ። ሙያውን የሚገዛ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ፤ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 ተካው፤ ዛሬ የሚሠራበት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ፈቃዱም በደረጃ ተከፋፈለ፦ ፋርማሲ፣ መድኃኒት ቤት፣ የገጠር መድኃኒት ቤት። እንደ ደቡብ ኦሞ ላለ አገር ሦስተኛው ትልቅ ነገር ነበር። የአስተዳደሩ መቀመጫ ከባኮ ወደ ጂንካ ከወረደ በኋላም ቢሆን ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የታወቀችው መሐሏ ላይ በተንጣለለው፣ ከብት በሚግጥበት የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ ወዲያ ላለው ቆላ፣ ለዲመካና ለቱርሚ፣ በአቅራቢያ ያለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ሐኪምም አማካሪም መሆኗ አይቀርም።

የችርቻሮው ልማድ ራሱ ሊታይ ይገባዋል። ገዢው ብር ያጥረዋል፣ ሻጩም ከስትሪፑ አራት ፍሬ በመቀስ ቆርጦ ይሰጠዋል። ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው በሌላኛው ቁራጭ ላይ ነው። በኪስ የሚሄደው ብልጭልጭ ቁራጭ ስም የለሽ ይሆናል፤ ከወር በኋላ ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሻጩ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን በወረቀት ቢጽፍ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ለአዋቂ የተለመደው የክሎርፌኒራሚን መጠን 4 ሚሊ ግራም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሲሆን በቀን ከ24 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ይህን የዋጠ ሰው ሞተር መንዳት የለበትም፤ የጂንካ ሞተረኛ ግን ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ሥራ አይቀርም። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ሁለቱም ስለሚያደነዝዙ ነገሩ ይብሳል፤ የአሪ አረቄ ለጉንፋን ፍቱን ነው የሚለው ምክር እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ኋላ የመጡት ሴትሪዚንና ሎራታዲን በቀን አንዴ 10 ሚሊ ግራም ይበቃቸዋል፣ እንቅልፋቸውም ቀላል ነው። ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ሰው ያንገላጅጃል።

ለአለርጂ ሁሉም ይሠራሉ። ጉንፋን ግን የቫይረስ ነገር ነው፤ ክኒኑ ንፍጡን ጥቂት ቢያደርቅ ነው እንጂ አያድነውም። «የጉንፋን» ተብሎ የሚሸጠው ድብልቅ ክኒን ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞልም አለበት፤ ለራስ ምታት ሌላ ፓራሲታሞል የደረበ ሰው ሳያውቀው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። የፕሮስቴት ችግር ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው አስተኚዎቹን ክኒኖች ከመግዛቱ በፊት ለባለሙያው ይንገር። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የጉንፋን ሽሮፕ በራስ ፈቃድ አይሰጥም። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሹም የተቆራረጠ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ እዚያም አድሬናሊን መርፌ ነው፤ ክኒን ውጦ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።