በእንግሊዝኛ «ዩ» ሲሉሽ ማንን ነው?

እንግሊዝኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ አይለይም። ለማዳምም ለሕፃኑም፣ ለአንድም ለአሥርም «ዩ» ነው። ዐረብኛ እንኳ እንደኛ ይለያል፤ ለወንድ ኢንታ፣ ለሴት ኢንቲ፣ ለብዙ ኢንቱ። (ወንድሞችም እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ አማርኛ አንዱን ምረጪ ስለሚለኝ ነው «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው።)

ድሮ እንግሊዝኛም ይለይ ነበር። ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ «ዩ»። በኋላ ትልቅ ሰውን ለማክበር እንደ ብዙ ሰው «ዩ» ማለት መጣ፤ እኛም አባታችንን «መጡ» የምንለው እንደዚያው ነው። ቆይቶ «ዩ» ለሁሉም ሆነና «ዛው» ከተለመደው ንግግር ጠፋ። ለአንድ ሰውም ቢሆን «ዩ አር» እንጂ «ዩ ኢዝ» የማይባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር «ዛው» ስለሚባል ብዙ ሰው የክብር ቃል ይመስለዋል። አይደለም፣ እኛ ስንጸልይ «አንተ» እንደምንለው ነው።

አሁን ወደ ሥራችን። የሚያጣላው አንድና ብዙ አለመለየቱ ነው። ማዳም «ዩ ካን ጎ ኦን ፍራይደይ» ብላ ብትጽፍልሽ አንቺ ብቻ ነሽ ወይስ ከልጆቹ ጋር? ከቃሉ አይታወቅም። ገምተሽ እንዳትወጪ። «ሚ ኦንሊ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ነገ ጠፋች ብለው ቢያመለክቱብሽ የምታሳዪው ይኖርሻል። «ዮርሰልፍ» ካለች አንቺን ብቻ ነው፣ «ዮርሰልቭስ» ካለች ግን ሁላችሁንም።

አንዳንዴ ደግሞ «ዩ» አንቺን ጭራሽ አይመለከትም። «ዩ ኒድ ኤ ቪዛ» ሲባል ማንም ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል ማለት ሊሆን ይችላል። የተቆጡሽ መስሎሽ አትደንግጪ።

ውል ላይ ብዙ ጊዜ «ዩ» አታገኚም፤ «ፈርስት ፓርቲ» እና «ሰከንድ ፓርቲ» ነው የሚለው። አሠሪው የትኛው፣ አንቺ የትኛው እንደሆንሽ መጀመሪያው ላይ ተጽፏል። ሳታዪ አትፈርሚ፣ ትኬቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው።

«እርስዎ» ስለሌለ አክብሮቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል። «ፕሊስ»፣ «ኩድ ዩ»፣ «ማዳም»፣ «ሰር»። «ዩ ከም ሂር» ብለሽ ትልቅ ሰው ብትጠሪ ንቀት ይመስላል። ስሙን የማታውቂውን ሰውም «ዩ!» አትበዪው፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ነው የሚባለው።