ጠርዝ ላይ ያሉት ሕሙማን



በዚህ መታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ሒሳብ ልጽፍ ነው ስል ከክፍላችን ልጆች መካከል የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን ይህ የሒሳብ ሐሳብ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ቤት፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ «ራፍ ሴት» ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት» የምትለዋ ነገር ስለምታበላሽ እኔ «ሻካራ ስብስብ» እለዋለሁ።

የሐሳቡ አባት ፖላንዳዊው ዝጂስዋፍ ፓቭላክ ናቸው፤ የተወለዱት በ1926 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1950 ገና ተማሪ ሳሉ ከአገራቸው የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱን ሠሩ። በ1982 ደግሞ ስለ ሻካራ ስብስብ የሚያትተውን ጽሑፋቸውን አወጡ።

ነገሩን በእኛ ሙያ ላስረዳ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት ሁለት ወጣቶች በትኩሳት መጡ። ሁለቱንም ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸዋል። ላቦራቶሪው ተዘግቷል። በሁለቱም ካርድ ላይ «ወባ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱ ወባ፣ ሌላው በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ሆኖ ተገኘ። በእጄ በነበረው መረጃ ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር። ጥፋቴ ይህንኑ አለመጻፌ ነው።

ፓቭላክ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ሕሙማንን በሰንጠረዥ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ አምድ። ረድፋቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን በአንድ ጥቅል አድርጉ። በጥቅሉ ያሉት ሁሉ ወባ ከሆኑ «በእርግጥ ወባ»፤ አንድም ከሌለ «በእርግጥ ወባ አይደለም»። የተቀላቀለ ከሆነ ግን ጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነው። ስብስቡን ሻካራ የሚያደርገው ይህ ጠርዝ ነው። በ1965 የወጣው የሎትፊ ዛዴ «ፈዚ ስብስብ» ለእያንዳንዱ አባል የአባልነት መጠን በቁጥር ይሰጣል። የፓቭላክ ዘዴ ከሰንጠረዡ ውጪ ምንም አይጠይቅም። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለው፤ የመለየት አቅማችን ሳይቀንስ የትኞቹን አምዶች መተው እንደምንችል ያሳያል።

በ1986 ፓቭላክ ከሮማን ስዎቪንስኪና ከቀዶ ሐኪሙ ክሽሽቶፍ ስዎቪንስኪ ጋር ሆነው ዘዴውን በ122 ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ሕሙማኑ የዱዎዲነም ቁስለት ስለነበረባቸው ወደ ጨጓራ የሚሄዱት የቬገስ ነርቭ ቅርንጫፎች ተመርጠው ተቆርጠውላቸዋል፤ የአሲድ መመንጨት እንዲቀንስ ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተመዘገቡት አምዶች 11 ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ጾታ፣ ዕድሜ፣ በሽታው የቆየበት ጊዜና የአሲድ ልኬቶች ይገኛሉ። ጥያቄው ማን እንደሚሻለውና ማን እንደማይሻለው ከእነዚህ መለየት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ለመለየት 11ዱም የግድ እንዳልሆኑ ታየ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የፓቭላክ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በ1982፣ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከጨጓራ ናሙና ባክቴሪያ ለማብቀል ይደክሙ ነበር። የፋሲካ በዓል ሆነና ሳህኖቹ ከተለመደው ቀን በላይ ኢንኩቤተር ውስጥ ቆዩ፤ ያን ጊዜ በቀለ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለው ይኸው ነው። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለቁስለት ነርቭ መቁረጥ ቀርቶ አንቲባዮቲክ መስጠት ተለመደ።

ከ11ዱ አምዶች አንዱም ባክቴሪያ አልነበረም። ይህ የሒሳቡ ጥፋት አይደለም። ሒሳቡ «በእነዚህ አምዶች እነዚህን ሰዎች መለየት አልችልም» ብሎ ጠርዙን ያሳያል፤ የጎደለው አምድ ምን እንደሆነ ግን ሊነግረን አይችልም። እሱን የሚያመጣው በሽተኛው አጠገብ የቆመና ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ሰፋ። በ1991 የፓቭላክ መጽሐፍ ወጣ፣ በ1992 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት እዚያው ፖላንድ ተካሄደ። ፓቭላክ በሚያዝያ 2006 ዋርሶ ውስጥ አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በቻይናዋ ቾንግቺንግ ሻካራ ስብስብንና የዕውቀት ቴክኖሎጂን ያጣመረው ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። የዘርፉ ሰዎች ከሰንጠረዥ ውስጥ «ይህና ይህ ካለ፣ እንዲህ ነው» የሚሉ ደንቦች ያወጣሉ፤ ደንቡን ማንም ሐኪም አንብቦ ሊሞግተው ይችላል።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ምርመራ የሚጠቁሙ ማሽኖች ወደ ዎርዶቻችን እየገቡ ነው። ተማሪዎቻችሁ «ስንት ጊዜ ትክክል ነው?» ብቻ ሳይሆን «እነማንን መለየት ያቅተዋል? ያልመዘገብነውስ ምንድነው?» ብለው እንዲጠይቁ አስተምሩልን። እኔ በበኩሌ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ካርድ ላይ «በእጄ ባለው መረጃ አልተለየም» ብዬ መጻፍ አላፍርም። ከሥሩም የሚቀጥለውን ምርመራ አዝዛለሁ።

ለመጪው ግንኙነታችን በሰላም ያድርሰን።