ምርኩዝ አገልግሎት፦ መተግበሪያ አልጫን ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው

በኮምፒውተር ላይ መስኮት ሳይከፍቱ፣ ተጠቃሚውንም ሳያነጋግሩ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። በዊንዶውስ «ሰርቪስ» ይባላሉ፤ በአማርኛ «የጀርባ አገልግሎት» ልንላቸው እንችላለን። ፋይል ማውረድ፣ ፈቃድ ማረጋገጥ፣ የኔትወርክ እንቅስቃሴን መቆጣጠር፣ መተግበሪያ መጫን የእነሱ ሥራ ነው። አንዱ አገልግሎት እንዲሠራ ሌላው ቀድሞ መነሣት ካለበት ባለሙያዎች ግንኙነቱን «ዲፔንደንሲ» ይሉታል። ቃሉን «ጥገኝነት» ብለው የሚመልሱት አሉ፤ ነገር ግን ይህ ቃል የሚጠራው ተደጋፊውን ብቻ ነው፤ ደጋፊው ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ሲበላሽ ደግሞ የምንፈልገው ደጋፊውን ነው። ስለዚህ ሌላው የሚደገፍበትን «ምርኩዝ አገልግሎት»፣ በእሱ የሚደገፈውን «ተመርኳዥ አገልግሎት» ማለት ይሻላል። ስያሜው ለሥራም ይጠቅማል። አንድ አገልግሎት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት ስሙን ወይም የሚይዘውን ሜሞሪ አይቶ አይደለም፤ ማን እንደተመረኮዘው ተጣርቶ ነው።

የኔትወርክ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የዊንዶውስ ፋየርዎል ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሌላ የደኅንነት ፕሮግራም ያለው ወይም ፋየርዎሉ ፕሮግራሞቹን እያገደ ያስቸገረው ሰው፣ በሬጂስትሪ ወይም «ዊንዶውስን ያፈጥናል» በተባለ ስክሪፕት የፋየርዎሉን አገልግሎት ከሥሩ ይዘጋዋል። ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ከሳምንታት በኋላ ከማይክሮሶፍት ስቶር መተግበሪያ ለመጫን ሲሞክር ግን መጫኑ ይከሽፋል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የስቶር መተግበሪያ ሲጫን ስርዓተ ክወናው ለብቻው የታጠረ ክልል ይሰጠዋል፤ በኔትወርክ ላይ ምን እንደሚፈቀድለትም በፋየርዎሉ ዘንድ ያስመዘግባል። መዝጋቢው ከሌለ መጫኑ አይጠናቀቅም። ማይክሮሶፍትም ለአስተዳዳሪዎች በጻፈው መመሪያ ፋየርዎልን አገልግሎቱን በማቆም አታሰናክሉ ይላል፤ ይህን ያደረገ ሰው የስታርት ሜኑው ሊቆምበት፣ አዳዲስ መተግበሪያዎችም አልጫን ወይም አልታደስ ሊሉት እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ፋየርዎሉን ማጥፋት ግድ ከሆነ ከራሱ ቅንብር ማጥፋት ይቻላል፤ ያኔ ጥበቃው ይቆማል እንጂ አገልግሎቱ አይሞትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ምርኩዝነቱን ላየ ሰው ብቻ ነው።

የስሕተት መልእክቶቹ ላነበባቸው ሰው አቅጣጫ ይጠቁማሉ። በ80070422 የሚያበቃው ኮድ ብዙ ጊዜ የስቶር ወይም የዝማኔ ችግር ተብሎ ይታለፋል፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች 422 ከአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ወደ ተለመደው ሲመለሱ ግን 1058 ይሆናሉ። 1058 ደግሞ በዊንዶውስ «አገልግሎቱ ተሰናክሏል» ማለት ነው። ስቶር መተግበሪያ የሚያወርደው በዊንዶውስ አፕዴት መንገድ ስለሆነ፣ አፕዴትን የዘጋ ሰው ይህን ኮድ ቢያገኝ አያስገርምም። 1068 ሌላ ነገር ይናገራል፤ የተጠራው አገልግሎት ራሱ አልተሰናከለም፣ ምርኩዙ ግን አልተነሣም። ያኔ የተጠራውን አገልግሎት ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። በመፈለጊያው ሳጥን «ሰርቪስስ» ብሎ ዝርዝሩን መክፈት፣ አገልግሎቱን ሁለቴ ተጭኖ «ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ሳጥን የአገልግሎቱን ምርኩዞች፣ የታችኛው ተመርኳዦቹን ይዘረዝራል። የፋየርዎሉ ገጽ ሲከፈት ከላይ «ቤዝ ፊልተሪንግ ኢንጂን» የተባለው አገልግሎት ይገኛል። እሱ ከተዘጋ ፋየርዎሉ አይነሣም፤ ፋየርዎሉ ካልተነሣ ደግሞ መተግበሪያው አይጫንም። ጥገናው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን ምርኩዝ ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ዳግም አስነሥቶ መተግበሪያውን መጫን።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ተመርኳዦቹ በገጹ ላይ ከተዘረዘሩ፣ ዝርዝሩ ባዶ የሆነውን አገልግሎት ሁሉ መዝጋት ምን ችግር አለው? ችግሩ ገጹ የሚያሳየው በይፋ የተመዘገበውን ምርኩዝነት ብቻ መሆኑ ነው። መተግበሪያ የሚጭነው አገልግሎት ፋየርዎልን በምርኩዝነት አላስመዘገበም፤ ፋየርዎሉን የሚፈልገው በሥራው መካከል፣ ምዝገባው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ገጹ አስፈላጊ ማስረጃ ነው እንጂ ሙሉ ማስረጃ አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ አገልግሎቶችን አንድ በአንድ መዝጋት፣ የእያንዳንዱን የቀድሞ ሁኔታ መጻፍ፣ ለተወሰነ ጊዜ መጠበቅና መፈተን። በርካታ አገልግሎቶችን በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ስክሪፕት የሚነፍገን ይህንኑ መንገድ ነው፤ ችግሩ ሲመጣ ከየት እንደመጣ የሚነግር ማስረጃ አይተውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤቶች ይመጣል፤ ሜሞሪያችን ትንሽ ነው፣ የማንጠቀምበትን ብንዘጋ ይፈጥንልናል ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ዒላማው ግን ተስቷል። በዊንዶውስ አንድ አገልግሎት «አውቶማቲክ»፣ «ማኑዋል» ወይም «ዲሴብልድ» ሊሆን ይችላል። ማኑዋል የሆነው ካልተጠራ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮም አንድ ክስተት ሲያጋጥም ብቻ ተነሥተው ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚቆሙ አገልግሎቶች አሉ። «ዊንዶውስ ኢንስቶለር» ለምሳሌ በማኑዋል የተቀመጠ ነው፤ የሚነሣው የሚጫን ፕሮግራም ሲመጣ ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ዲሴብልድ ማድረግ የሚያተርፈው ሜሞሪ የለም፤ የሚያስቀረው ሲጠራ መነሣቱን ብቻ ነው። በታስክ ማናጀር የሚታየው ረጅም ዝርዝርም ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የዊንዶውስ 10 ዝማኔ፣ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ቀድሞ በቡድን ይሠሩ የነበሩ አገልግሎቶች ለየብቻ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ዝርዝሩ የረዘመው በዋናነት በዚህ የተነሣ ነው። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ቢቀንስ የበለጠ ይጠቀማል፤ የሚጎዳው ተመርኳዥም አይኖርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአገራችን ክብደት አለው። ኢንተርኔትን በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው፣ ዝማኔ ሳያውቀው ፓኬጁን እንዳይጨርስበት ዊንዶውስ አፕዴትን ቢዘጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለዚህ የተዘጋጀ ሌላ መፍትሔ አለ። በኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱን «ሚተርድ»፣ ማለትም «በልክ የሚከፈልበት» ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ያኔ ስርዓተ ክወናው አብዛኛውን ዝማኔ ከማውረድ ይቆጠባል፣ አገልግሎቱም ለሚያስፈልገው ሥራ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል። ከጀርባ የሚያወርደውን «ቢትስ» የተባለ አገልግሎት መዝጋትም ያልታሰበ ጉዳት አለው። መስመር ሲቋረጥ የጀመረውን ካቆመበት የሚቀጥለው እሱ ነው፤ ደካማ መስመር ላለው ሰው እሱን መዝጋት በእሱ በኩል የሚወርደውን እንዲያጣ ያደርገዋል። ይህ ሲባል ምንም አይዘጋ ማለት አይደለም። የአጠቃቀም መረጃ ለማይክሮሶፍት የሚልከው የቴሌሜትሪ አገልግሎት ቢዘጋ መተግበሪያ መጫን አይቆምም፤ ግላዊነቱን ለመጠበቅ የፈለገ ሰው እሱን መዝጋት ይችላል። መለኪያው እዚህም ያው ነው፤ የሚደገፍበት ወሳኝ ሥራ የለም።

መተግበሪያ አልጫን ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት በርግጥ አገልግሎቶቹን ሁሉ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሳል፤ ካልተጠነቀቁ ግን የባለቤቱን ሰነዶችና ፎቶዎች ሊያጠፋ ይችላል፣ የችግሩንም ምክንያት ሳያስተምር ያልፋል፤ ያው ስክሪፕት በሚቀጥለው ወር እንደገና ይሠራና ያው ስሕተት ይመለሳል። ስለዚህ ኮምፒውተር የምትጠግኑም ሆናችሁ የምትጠቀሙ፣ ዲስኩን ከማጽዳታችሁ በፊት የስሕተቱን ቁጥር አንብቡ፣ የተሰናከሉትን አገልግሎቶች ዝርዝር ተመልከቱ፣ የእያንዳንዱን ምርኩዝ ጠይቁ። አገልግሎት ስትዘጉም ማን እንደተመረኮዘው ሳታውቁ አትዝጉ፤ ካላወቃችሁ ባለበት ተዉት።