ስምና ጉዞ፤ የናኖ ቅንጣት መድኃኒቶችን ስለ መሰየም

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው የአምቦ መንገድ ለቃላት ተመራማሪ የሚጠቅም ትምህርት አለው። ሆለታ «ገነት»፣ አምቦም «ሀገረ ሕይወት» ተብለው በመንግሥት ወረቀት ላይ የተጻፉበት ዘመን ነበር። ዛሬ ሁለቱ ስሞች በሰው አፍ ብዙም አይሰሙም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በኤጀሬ ምድር የወጣው «አዲስ ዓለም» ግን እስካሁን ይሠራበታል። ምክንያቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ የፊተኞቹ ሕዝቡ ስም ባወጣለት ቦታ ላይ መደረባቸው፣ የኋለኛው ደግሞ አዲስ ለተሠራ ከተማ መሰጠቱ ነው። «አምቦ» እንዲያውም ከቦታ ስምነት አልፎ በብዙዎች አንደበት ጋዝ ላለው ማዕድን ውሃ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ይህን ማንሳታችን ያለ ነገር አይደለም። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ይሰጣል፤ ከዚያ የሚወጣው ባለሙያ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጌዶ ለሚያገኘው በሽተኛ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ማስረዳት ይኖርበታል። ሕዝቡ ገና ስም ያላወጣለት አዲስ ነገር ሲገጥመው፣ የተርጓሚው ምርጫ በበሽተኛው ተስፋ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

አዲሱ ነገር በናኖ ቅንጣት የሚጓጓዝ መድኃኒት ነው። የእንግሊዙ ተመራማሪ አሌክ ባንግሃም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሊፖዞም የሚባለውን ጥቃቅን የስብ ከረጢት ለሳይንስ አስተዋወቀ። በዚህ ከረጢት የተያዘው አምፎቴሪሲን ቢ በአገራችን ለካላዛር ሕክምና ይውላል፤ የቅንጣቱም ስፋት ከ100 ናኖሜትር በታች ነው። በጎንደርና በአብደራፊ የተደረገውን ጥናት ተከትሎ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድነት ለያዛቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ይህ መድኃኒት ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል።

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በሒሳብ መከተል ከዚህ ይቀድማል። የስዊድኑ ቶርስተን ቴዎሬል እ.ኤ.አ. በ1937 ሰውነትን እንደ ተያያዙ ክፍሎች ቆጥሮ፣ መድኃኒቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ፍጥነት በእኩልታ ጻፈ። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ደም፣ ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት እያንዳንዳቸው በይዘታቸውና በሚደርሳቸው የደም መጠን ተለይተው ይሰላሉ። ለናኖ ቅንጣት ሌላ ስሌት ይጨመራል፤ በጉበትና በጣፊያ የሚገኙት፣ ባዕድ ነገርን የሚውጡት ሕዋሳት ቅንጣቱን ከደም ለቅመው ያስቀሩታልና።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ናኖ» በግሪክኛ ድንክ ማለት ነው፤ ለቢሊዮንኛ እጅ መለኪያነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። «ረቂቅ ቅንጣት» የሚለው ለጆሮ ያማረ ቢሆንም «ረቂቅ ተሕዋስያን» በሚለው ስያሜ ቦታው ተይዟል፤ ተሕዋስያኑም አብዛኛውን ጊዜ ከናኖ ቅንጣት እጅግ ይገዝፋሉ። ስለዚህ «ናኖ ቅንጣት» ብንል ይሻላል።

በኮምፒዩተር የሚደረገውን ሙከራ «ማስመሰል» ማለት ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው። በአማርኛ ያስመሰለ ሰው ያታለለ ሰው ነው፤ አንባቢው ጥናቱን ገና ሳያይ ይጠረጥረዋል። እኛ «ስሌታዊ አምሳያ» የሚለውን፣ ለድርጊቱም «በአምሳያ መፈተን» የሚለውን እናቀርባለን።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ዒላማ» ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሕ በሽታውን ብቻ የሚመታ «ተአምረኛ ጥይት» ካለመ ወዲህ፣ ጽሑፎች ናኖ ቅንጣትን ወደ ዒላማው የሚገሰግስ አድርገው ይገልጹታል። ሆኖም በእንስሳት ላይ የተደረጉ የ10 ዓመት ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ ወደ ካንሰር እጢ የደረሰው ከተሰጠው ቅንጣት 0.7 በመቶ ያህሉ ነበር፤ ይህም የጥናቶቹ መካከለኛ አኃዝ ነው። በካላዛር ግን ጥገኛው ተሕዋስ የሚኖረው በእነዚያው ዋጭ ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ ለካንሰር ሕክምና እንቅፋት የሆነው የጉበትና የጣፊያ ለቀማ ለዚህ በሽታ ረዳት ይሆናል። ቅንጣቱ ዒላማ አያውቅም፤ ደሙ ይወስደዋል፣ ሕዋሱ ይውጠዋል። «ዒላማውን የሚመታ መድኃኒት» የተባለለት የካንሰር ሕመምተኛ ግን ሌላው አካሉ አይነካም ብሎ ሊያምን ይችላል።

«መድኃኒት» ራሱ ከግእዙ «ድኅነ» የወጣ በመሆኑ መዳንን ከስሙ ጋር ተስፋ ይሰጣል። በዚህ ላይ ሌላ ተስፋ የሚጨምር ቅጽል ባንደርብበት መልካም ነው። ለትምህርቱ ዘርፍ «ሑረተ መድኃኒት»፣ ለዕለት ንግግር «የመድኃኒት ጉዞ» ብንል ስሙ የሚሆነውን ነገር ብቻ ይናገራል። ጉዞውም በአራት ተራ ግሦች ይገለጻል፤ ገባ፣ ተሠራጨ፣ ተለወጠ፣ ወጣ። በአምቦ ያለው ባለሙያም «ኢመለ ቆሪቻ» ብሎ ሐሳቡን ሳያጓድል ወደ አፋን ኦሮሞ ሊያሻግረው ይችላል። ሰሚው አፉን ያልፈታበትን ቋንቋ ተሻግሮ ትርጉሙን ሳይለቅ የሚደርስ ስያሜ፣ መዝገበ ቃላት ሊገባ ይገባዋል እንላለን።