አርባ ልጆች፦ በአርመን ገዳም ጥላ ያደገው የወጣቶች የሙዚቃ ጓድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ላሊበላ በኢየሩሳሌም አምሳል የታነጸች ከተማ ናት። ወንዟ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ መካከልም ቤተ ጎልጎታ ይገኛል። በልደት በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የላስታ ሕፃናትና ወጣቶች ከካህናቱ ሥር ሆነው ከበሮ መምታትንና ማሸብሸብን በዓይናቸው እያዩ ይማራሉ። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በዜማ ማሳደጓ በእኛ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው። ከ100 ዓመት በፊት ደግሞ ራሷ ኢየሩሳሌም፣ በገዳም ጥላ ሥር ያደጉ፣ ከበሮና መለከት የያዙ ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ ልካለች። እነዚህም በታሪክ «አርባ ልጆች» ተብለው ይታወቃሉ።

የመለከትና የከበሮ ቦታ

መለከት በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀ መሣሪያ ነው። ሙሴ ሁለት የብር መለከቶችን እንዲሠራ መታዘዙ፣ የሚነፉአቸውም ካህናት መሆናቸው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ተጽፏል። በኢያሪኮም ሰባት ካህናት ሰባት ቀንደ መለከት ይዘው በታቦቱ ፊት ሄደዋል። በቤተ ክርስቲያናችን የማኅሌት ሥርዓት ግን የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚታጀበው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። መምህራን የከበሮውን ሰፊ አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ጠፍሩን በጌታችን ሰውነት ላይ ባረፈው የግርፋት ሰንበር ይመስሉታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንተርከው የናስ ሙዚቃ ጓድ ለቤተ መንግሥትና ለአደባባይ አገልግሎት የቆመ እንጂ ወደ ቅኔ ማኅሌት የገባ አይደለም።

የልጆቹ አመጣጥ

ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት እጅግ ብዙ ሕፃናት ያለ ወላጅ ቀሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም የአርመን መንበረ ፓትርያርክ በሚገኝበት በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ጥላ ሥር ተጠለሉ። በዚያም ትምህርት ተማሩ፤ ከመካከላቸውም የናስ መሣሪያ የሚጫወት የወጣቶች ጓድ ተቋቋመ።

በ1916 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ሰሞን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ በሚያደርጉት ጉዞ መንገድ ላይ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ልጆቹንም ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ፤ የአርመን ፓትርያርክንም አስፈቅደው ወደ ኢትዮጵያ ሊያመጧቸው ወሰኑ። አርባው ልጆች ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ይህ ሲሆን በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የነበረው ዝምድና አዲስ አልነበረም። ሁለቱም በአንድ የሃይማኖት ቤተሰብ የሚቈጠሩ እኅትማማቾች ናቸው። በኢየሩሳሌም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በችግራቸው ዘመን ከአርመን ገዳም የዕለት ምግብ ያገኙ ነበር። እንግዲህ በቅድስት ከተማ እንጀራ የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ሀገር፣ በተራዋ የዚያችን ገዳም ልጆች ተቀበለች።

በኢትዮጵያ ያከናወኑት

የናስ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከእነርሱ ቀድሞ ነው፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የመጡ መሣሪያዎች በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገልግለዋል። አርባ ልጆች ግን በሙሉ ጓድነት ሠልጥነው የመንግሥቱ ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የቅኔ ሊቁ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተሰምቶ እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜ የሀገር መዝሙር ሆኖ ቆየ። በዚህ ሥራ አንድ አርመናዊ ስደተኛና አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ፍሬ የሆነ ኢትዮጵያዊ መገናኘታቸው ሊዘነጋ አይገባም። ናልባንዲያን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችንም አሠልጥኗል፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ ለሀገሪቱ ቴአትር ቤቶች ሙዚቃ ትልቅ ባለውለታ ሆኗል።

ለዛሬው ትውልድ

የአርባ ልጆች ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጎላው የዘመናዊ ሙዚቃ ጅማሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልታየው የሚገባት ግን የታሪኩን መነሻ ነው። ገዳሙ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት በማብላትና በማልበስ ብቻ አልተወሰነም፤ በእጃቸው ሙያ፣ በመካከላቸው አንድነት አኖረ። እያንዳንዱ ልጅ የሌላውን ድምፅ እየጠበቀ መጫወትን ተማረ። ከእልቂት የተረፉትም ልጆች በሰው ሀገር የሚከበሩበትን ሥራ ይዘው ተገኙ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ ደርሶ ነበር። በላስታና በአካባቢዋ በኀዘንና በችግር ውስጥ የሚያድጉ ልጆች ዛሬም አሉ። እነዚህን ልጆች ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን በስም ዐውቀው ሊፈልጓቸው፣ ከበሮውን አንሥተው ሊያስይዟቸው፣ በመዘምራኑ ሰልፍ ቦታ ሊሰጧቸው፣ በአጠገቡም ቀለምና የእጅ ሙያ ሊያስተምሯቸው ይገባል። ሰበካ ጉባኤያትም ለዚህ የሚሆን በጀትና መምህር መመደብ ይጠበቅባቸዋል። ለልጅ የተሰጠ እንጀራ የዕለት ነው፤ የተማረው አገልግሎት ግን ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።