ሕገ መንግሥት ፈተና ላይ ነው ወይስ እኛ ላይ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሕገ መንግሥቶቻችንን እያነጻጸርን ነበር። ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ 1923፣ 1948፣ 1979፣ 1987። ማን አረቀቀው? ሥልጣን የማን ነው? ስለ ሰው መብት ምን ይላል? እያልን እየሞላን የ1987ቱ አንቀጽ 19 ላይ ደረስን። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ቲቸር፣ ይቺ 48 ሰዓት ፈተና ላይ ነው የምትመጣው ወይስ እኛም ላይ ትሠራለች?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ደወሉ ባይደርስልኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን እስከ ፒያሳ ተከትሎኝ መጣ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። እስኪ ሰንጠረዡን ከእናንተ ጋር እንደገና ልሙላው።

ከ1923 በፊት ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት ሲያስተምሩትና ሲተረጉሙት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ግን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ነው። ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አርአያ ያደረጉት የጃፓንን የ1889 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ነው። ሁለቱም 7 ምዕራፍ አላቸው፤ በሁለቱም ንጉሡ ቅዱስና የማይደፈር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? በጃፓን የታችኛውን ምክር ቤት የተወሰነ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ይመርጡት ነበር። በኛ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ተብሎ መራጮቹ መኳንንቱና ሹማምንቱ ሆኑ።

ያ ሕገ መንግሥት 5 ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ገባ። ዛሬ የምንቀመጥባት ፒያሳ ራሷ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ጎንደር የጣሊያን «የአማራ ግዛት» ዋና ከተማ ሆና እስከ ኅዳር 1934 ድረስ የሮም ሕግ ነበር የሚሠራባት።

ቀጥሎ የ1948ቱ መጣ። በ1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የተመረጠ ምክር ቤትና የመብት ዝርዝር ያለው የራሷን ሕገ መንግሥት ይዛ ነበር። የማዕከላዊው መንግሥት ሕገ መንግሥት ከክፍለ ሀገሩ ያነሰ ሆኖ ታየ። እንደ ጆን ስፔንሰር ያሉ አሜሪካውያን አማካሪዎች ተጨምረውበት ባለ 131 አንቀጽ ሕገ መንግሥት ወጣ። ከዚያም ወንዱም ሴቱም እንደራሴውን መረጠ። ፓርቲ ግን የለም፤ ንጉሡም እንደ ድሮው የማይደፈሩ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡንም ሕገ መንግሥቱንም በአንድ ቀን አነሳቸው።

ከዚያ ከ12 ዓመት በላይ ያለ ሕገ መንግሥት ቆየን። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተሰጠ። ረቂቁ በየቀበሌው ውይይት ተደርጎበታል፤ 119 አንቀጽ ነበረው፣ የመናገርና የመሰብሰብ ነጻነትም ተጽፎበታል። ነገር ግን የአገሪቱ መሪ ኢሠፓ ነው ብሎ ካስቀመጠ በኋላ ሌላው መብት ምን ሊፈይድ ይችላል? እሱም በግንቦት 1983 ከባለቤቱ ጋር ሄደ።

አሁን ያለው ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጽ ነው። በዕድሜ ሲታይ ከቀደሙት ሁሉ በልጧል። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው የሰው መብት ነው፤ ከየትኛውም አገር ጋር ብታስተያዩት ጽሑፉ አያሳፍርም።

ታዲያ የልጁ ጥያቄ የት ላይ ነው? አንድ ሌላ አገር ልጥራ። የደቡብ አፍሪካ የ1996 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 35 ላይ ያቺኑ 48 ሰዓት ይዟል። በአስቸኳይ ጊዜ እዚያም እዚህም ልትገደብ ትችላለች። በኛ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ናቸው፤ 19 ከነሱ ውስጥ የለም። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታሰረን ሰው ጉዳይ ፍርድ ቤት ቢዘገይ በ10 ቀን ውስጥ ማየት አለበት፤ አዋጁ ራሱ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውንም ፍርድ ቤት ሊመረምር ይችላል። እዚህ ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውም ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህን የሚደግፉ ሰዎች፣ ሰነዱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም እነሱ ይሁኑ ይላሉ። ክርክሩ ክርክር ነው፤ ተማሪዎቼም ይከራከሩበት። ለታሰረው ሰው ግን 10 ቀንና አንድ ወር አንድ አይደሉም።

የደቡብ አፍሪካው ፍርድ ቤት ገና ከጅምሩ የራሱን አገር ሕገ መንግሥት «ይህ ይህ ይጎድለዋል» ብሎ ለአርቃቂዎቹ መልሶላቸዋል፤ ያውም ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሳሉ። አስተካክለው መጡ እንጂ ፍርድ ቤቱን አላፈረሱም። ፍርድ ቤቱ ዛሬ የሚያስችለው ጋንዲና ማንዴላ ታስረውበት በነበረ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃ አሜሪካንም እዩ፦ በ1787 የጻፉት ሕገ መንግሥት ባርነትን ታግሦ ኖሮ በማሻሻያ የቀረው ከአስከፊ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1865 ነው። 27 ጊዜ አሻሻሉት፤ አልቀደዱትም።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አንድ አምድ ጨመርኩ፦ «ሲነሳ ማን አዘነለት?» ልጆቹ ዝም አሉ። ለንጉሡ ያዘነ ነበር። ለደርግ ያዘነም አይጠፋም። ለ1948ቱ ወይም ለ1979ኙ ወረቀት ብሎ አደባባይ የወጣ ሰው ግን እኔ አንብቤ አላውቅም። አምዱን ባዶ ተውነው።

ሕገ መንግሥት ማለት እንደ ፈረስ ልጓም ነው አልኳቸው። የፈረስ ልጓም ስንል ፈረሱ የሠራው ማለታችን አይደለም፤ ፈረሱ የሚያዝበት ማለታችን ነው። እኛ አገር ግን እያንዳንዱ ፈረስ የራሱን ልጓም ሠርቶ ይመጣል፤ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል።

ለጠየቀው ልጅ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፦ «ፈተና ላይ በእርግጠኝነት ትመጣለች። እኛ ላይ የምትሠራው ግን ያልጻፋት ሰውም የኔ ናት ያለ ቀን ነው።» ልጁ ምን አለ? «ታዲያ ቲቸር፣ አንተ የኔ ናት ትላለህ?»

ይህንንም ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሳድሬዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ምን ትመልሱለት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስድብ የሌለበትን ሁሉ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ።