ብቻውን የሚዘፍነው ሪቻርድ ቶምሰን

በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ፕሌይቦይ» መጽሔት ለሙዚቀኞች አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የሚሊኒየሙ ምርጥ ዘፈኖች የትኞቹ ናቸው? መጽሔቱ ሚሊኒየም ሲል ያለፉትን ሠላሳ አርባ ዓመታት ማለቱ እንደነበር መገመት አያቅትም። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ሪቻርድ ቶምሰን ግን ሺህ ዓመት ከተባለ ሺህ ዓመት ነው ብሎ ዝርዝሩን ከመካከለኛው ዘመን ጀመረ። መጽሔቱ አላወጣለትም። ታዲያ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዝርዝሩን የመድረክ ዝግጅት አደረገውና ከዚያ ጥንታዊ የበጋ ዘፈን ተነስቶ ብሪትኒ ስፒርስ ላይ ደረሰ!

ቀልድ አለበት። ግን ቀልድ ብቻ አይመስለኝም፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሥር አለው።

ቶምሰን በ1949 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጃዝ የሚወድ ፖሊስ ነበር። በ1967፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ «ፌርፖርት ኮንቬንሽን» የተባለውን ባንድ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ሲጀምሩ በአብዛኛው የአሜሪካኖቹን ነበር የሚጫወቱት። ግንቦት 12 ቀን 1969 ከበርሚንግሃም ኮንሰርት ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከበሮ መቺ ማርቲን ላምብልና የቶምሰን ጓደኛ ጂኒ ፍራንክሊን ሞቱ። የተረፉት የቀድሞውን ዘፈን ትተው ወደ አያቶቻቸው ባላድ ዞሩ። በዚያው ዓመት ያወጡት «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የእንግሊዝ ፎክ ሮክ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ ባላድ ያስቸግራቸው ነበር። ባል ሚስቱን ከነውሽማዋ ይገድላል፤ ዘፋኙ አያለቅስ፣ አይመክር፣ ብቻ ይተርካል። ሐዘን ላይ ያሉ ልጆች ይህን ለምን መረጡ? እኔ እንደሚመስለኝ የሚያጽናና ቃል ሰልችቷቸው ነበር። ሞትን ሳያባብል የሚናገር ዘፈን ያገኙት ከአያቶቻቸው ዘንድ ነው።

ቶምሰን በ1971 ከባንዱ ወጣ። ከዚያ ከባለቤቱ ከሊንዳ ጋር ሠራ፤ በሰባዎቹ እስልምናን ተቀብሎ የሱፊዎችን መንገድ ያዘ፤ በ1982 ትዳሩም አብሮ መሥራቱም ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ጊታሩን ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ወጣ። የተቀዳው በ1984 «ስሞል ታውን ሮማንስ» በሚል ታትሟል። እሱ ራሱ አልወደደውም አሉ። ደራሲ በገዛ ሥራው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ አይታመንም፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ብቻውን ሲጫወት ጉዱ ያለው ቀኝ እጁ ላይ ነው። የእኛ ክራር ወይ ግርፍ ነው ወይ ድርድር፤ ይህ ሰው ሁለቱን በአንድ እጅ ያስኬዳል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ፒክ ይዞ ወፍራሞቹን ክሮች ሲመታ፣ የመሃል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ባሱም አጃቢውም ዘፋኙም አንድ ሰው!

በ1991 ያወጣው «1952 ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ» የሚሠራው በዚህ ነው። ዘፈኑ የአንድ ዘራፊ፣ የአንዲት ቀይ ፀጉር ልጅና የአንድ ሞተር ብስክሌት ታሪክ ነው፤ ባላድ፣ ያውም ንጹሕ ባላድ። ጊታሩ ሞተሩን ያስነዳል፤ ዘፋኙ እንደ ጥንቶቹ አይፈርድም። ጄምስ በጥይት ተመትቶ ሊሞት ሲል የሞተሩን ቁልፍ ለሞሊ ይሰጣታል። አለቀ።